ፍርሃት ማስረሻ

የእህቴ ባል አይጥ ቀላቢ ነው። ሥራ አይናቅም፤ እሱ ግን ራሱን «ተመራማሪ» እያለ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ዳቦ ቤት ይሰለፋል። ሰፈሩ ሲያሾፍበት «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱ የምር መስሎት ደረቱን ይነፋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የኛው በሚያውቁት ሰፈር ነው የሚያስነጥፈው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራው ይኼን ነው፦ ደወል ይደውላል፣ ወዲያው የአይጧን እግር በኤሌክትሪክ ይነዝራል። ይህ ሲደጋገም አይጧ ደወሉን ብቻ ስትሰማ ድርቅ ትላለች። እዚያ ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉታል፣ ቤቱ ግን በነፃ ይሠራዋል። ቁልፉ በሩ ላይ ሲንቋቋ እህቴ ድስት እንደያዘች ክው ትላለች፤ ከቁልፉ ቀጥሎ ቀበቶ እንደሚመጣ ታውቃለቻ። ስንት ዓመት ችላው በቀደም ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ እኔ ጋ ገባች።

ጉደኛው እሁድ ከሰዓት ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ ወንበር ሳብኩለት።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔም የሷም አይደለም» አለኝ እግሩን አነባብሮ። «የአንጎል ነገር ነው። አሴቲልኮሊን የሚባል ቅመም አለ፤ አንጎል ውስጥ ደግሞ እሱን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። ያስፈራን ነገር ትዝ እንዲለን እነሱ መሥራት አለባቸው። ተቀባዮቹን የሚዘጋ መድኃኒት የወጋናት አይጥ ደወሉን ብትሰማም እንደ ልቧ ትንጎራደዳለች።»

ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ የሰረቀውን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እህቴ ትንሽ ትንሽ ከወሰደች ሁሉን ረስታ ቤቷ ትገባለች አለ። ዓይን አውጣ! ለሰው ይሁን አይሁን እንኳ አያውቅም። የራሱን እጅ ከዱላ ስለሚያስቆም መድኃኒት ደግሞ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እህቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«መድኃኒቱን ለወሰደችው አይጥ ኤሌክትሪኩን ታጠፉላታላችሁ?» አለችው።

«ለምን እናጠፋለን?» ብሎ ሳቀባት። «እሱና መድኃኒቱን ምን አገናኛቸው?»

የሚያናድደው ከልቡ መጠየቁ ነው። ለዚህ ድንጋይ ራስ ነው እንግዲህ «የተማረ ባል አገኘሽ» ብለን የዳርናት።

እህቴ መጥታ ብልቃጡን መለሰችለት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አሁንም ትፈራዋለች።

«አልወስድም» አለችው። «ከዚያ ቤት በሕይወት ያወጣኝ ማን ሆነና? ፍርሃቴ ነው።»