የመሃሉ ቦታ

አሰላ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የአብሮነት ክበብ አለው። ሥራው በየዴስኩ ሙስሊምና ክርስቲያን አሰባጥሮ ማስቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ማስጨብጨብ ነው። ልጆች እንደ ዳማ ጠጠር ከተደረደሩ ይዋደዳሉ ብሎ ማመን ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው፤ እኔ ግን አልተጠመቅኩበትም።

የኔ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ክበቡን አስቸገረ። ሦስት ሴት ልጆች ነበሩበት፦ በአንዱ ጥግ ሙስሊሟ፣ በሌላው ክርስቲያኗ፣ መሃል ላይ ደግሞ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ማንም የማያውቃት አንዲት ዝምተኛ። ስሟ ኦሮምኛ ስለሆነ ስለ ሃይማኖቷ ምንም አይናገርም። እናቷና አባቷ በእምነት እንደሚለያዩ ይወራል። እዚህ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ በአንድ ሰሃን አይገናኙም፤ እሷም ምሳ ላይ ሥጋ ካየች «ሆዴን አሞኛል» ብላ ዳቦ ብቻ ትበላለች።

በክረምቱ ዕረፍት በቆጂ አካባቢ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ታማ ሞተች። ከክፍሉ ለቀብር የደረሰ የለም። መስከረም ላይ ሁለቱ ጓደኞቿ በየጥጋቸው ተቀመጡ፤ መሃሉ ባዶ። ምሳ ሰዓት ዳቦ ቆርሰው አንዱን ቁራሽ እዚያ ያኖራሉ። ከሰዓት ስገባ ቁራሹ የለም። አይጥ ነው አልኩ። ግን አይጥ ፍርፋሪ ይተዋል።

ጥቅምት ላይ ከዴራ አንዲት ልጅ ተዛውራ መጣች። ከመሃሉ በቀር ክፍት ቦታ ስለሌለ በሩ አጠገብ ቆማ ስትማር ሰነበተች። አባቷ መጥተው «መምህር፣ ነገም ከቆመች ይዣት እመለሳለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ጭጋጉ መስኮቱን ደፍኖት ነበር። ልጅቷን ይዤ ወደ ዴስኩ ሄድኩ።

«ጠጋ በሉላት።»

«ተይዟል ቲቸር» አለች ሙስሊሟ።

«በማን?»

«እያወቁ!» አለች ክርስቲያኗ።

ከኋላ አንድ ተረበኛ «ታዲያ የሞተችዋን ክበቡ ከየትኞቹ ይቁጠራት?» ብሎ አሳቀ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

«የሞተ ሰው ወንበር አያስፈልገውም» አልኩ፤ ካሰብኩት በላይ ጮኼ።

ሙስሊሟ ባዶውን ቦታ እያየች መለሰች። «እኔ አላህ ይዘንላት እላለሁ፣ እሷ ነፍስ ይማር ትላለች። የቱ እንደሚደርሳት አናውቅም። እስኪደርሳት እዚሁ ናት።»

የዴራዋ ልጅ ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ አለች። «ናፍ ሲቂ» አለች፤ ጠጋ በይልኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። ሁለቱ ጓደኛሞች ሳይተያዩ እኩል ወደ ዳር ተንሸራተቱ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ መሃል ግን አይደለም። አጠገቧ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ተወች።

አባቷ ብቻቸውን ወደ ዴራ ተመለሱ። ክበቡ የአራቱን ልጆች ዴስክ ፎቶ አንስቶ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፤ ሦስት ልጆች ይታያሉ። ዳቦው ለአራት ይቆረሳል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፍርፋሪ ልፈልግ ወደ ዴስኩ ሥር ጎንበስ አልኩ። ምንም የለም። ቀና ስል የዴራዋ ልጅ አጠገቤ ቆማለች።

«ቲቸር፣ እግሯን ረግጠዋታል።»

ፈጥኜ ወደ ኋላ አልኩና «ይቅርታ» አልኩ።