ባሌን የወደደችው አሞራ

ባሌ የሚሠራው ከቀራንዮ ወጣ ብሎ፣ ዘራቸው እየተመናመነ የመጣ አሞራዎችን በሚያራቡበት ግቢ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንድ ክረምት ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከነጎጆዋ የወደቀች የአሞራ ጫጩት በጃኬቱ ጠቅልሎ ቤት ይዟት ገባ። የምትተርፍ አትመስልም ነበር። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፎ፣ ሥጋ እየከተፈ በወረንጦ አጎረሳት። ስትጠነክር ወደ ግቢው ወሰዳት፤ እኔም የተገላገልኩ መሰለኝ።

ዓመታት አልፈው ለመራባት ስትደርስ ግን ጉድ መጣ። ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ ያየችው እሱን ስለሆነ፣ የሷ ዘር ባሌ ብቻ መሰላት። ክንፉ የተጎዳ ወንድ አሞራ ቢያቀርቡላት በምንቃሯ አባረረችው። ባሌን ስታይ ግን ላባ የሌለው ፊቷ ቀላ ይላል፤ ጭራሮ ለቅማ እግሩ ሥር ታስቀምጣለች።

"ጎጆ እንሥራ እያለችኝ እኮ ነው" አለኝ እየሳቀ።

"አንተስ ምን አልካት?"

"ጭራሮ አቀበልኳት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። በሽቦው በኩል አየኋቸው። ቁጢጥ ብሎ፣ እኔ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ በሆነው በዚያ ለስላሳ ድምፁ እያዋራት ጀርባዋን ይደባብሳል። ዝቅ አለችለት። ካባረረችው ወንድ የተወሰደውን ዘር በቀጭን ስሪንጅ ከጅራቷ ሥር አስገባላት። ሌላ ሰው ቢጠጋት ትረበሻለች፣ ራሷንም ትጎዳለች፤ በሱ እጅ ግን ጭጭ። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ቢሆንም ወደ ሽቦው ይበልጥ ተጠጋሁ።

ሲያየኝ ተነሣ። እሷም ዞር አለችና ክንፏን ዘርግታ ተንደርድራ መጥታ ሽቦውን ነከሰችው። ምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ።

"ቀናችብሽ!" ብሎ ሳቀ።

"እኔም ቀንቻለሁ" አልኩት። ሳቁን አቆመ።

እንቁላል ጣለች። እንድትደግም ብለው እንቁላሉን ወስደው ማሞቂያ ማሽን ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ የሚያወራው ስለ ሙቀቱና ስለ እርጥበቱ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እንጀራውን እንደጠቀለለ ቀና ብሎ አየኝ።

"የሚፈለፈለው እንደ እናቱ ሰው መውደድ የለበትም። የእናት አሞራ ፊት ያለው ማጉረሻ ጓንት ያስፈልገናል። ካንቺ የተሻለ ማን ይሰፋዋል?"

"ለጣውንቴ ልጅ ልስፋ?"

"ለኔ ብለሽ።"

ለሱ ብዬ ሰፋሁት፤ አንገቱን ከቡና ዓይነት ቁራጭ ጨርቅ፣ ፊቱን ከሮዝ ከፋይ። ጫጩቱ ሲፈለፈል አንዴ እንዳጎርሰው ፈቀዱልኝ። መጋረጃ ኋላ ተደብቄ ጓንቱን አጥልቄ ሥጋ ሳቀርብለት፣ የሰፋሁትን ምንቃር ይዞ ሲጎትት ጉልበቱ አስደነገጠኝ።

አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ከሌሎቹ አሞራዎች ጋር ቀላቀሉት። ባሌ ሽቦው አጠገብ ቆሞ በለስላሳ ድምፁ ጠራው። ጭራሽ አልዞረም።

"እንዲህ ነው የሚፈለገው" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። እኔን ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

እናቲቱ ግን ዛሬም አልተወችውም። የመራቢያዋ ወራት ሲመጣ፣ ባሌ ከሥራ ሲገባ "እንዴት ዋለች?" እለዋለሁ። እንዳልከፋ ብሎ "ደህና" ይለኛል፣ አጠር አድርጎ። ባያሳጥረው ይሻለኝ ነበር።