ቁልፍ ያልታሰረበት ክር

ታላቅ እህቴ ካረፈች አርባ ቀን አለፈ። የቢቸና ሰፈራችን ሰው የሚያስታውሳት በአንድ ቃል ነው፦ «ቤትሽ ደህና ውሏል፣ ግቢ።»

የቀን ሌባ ቢያስቸግር፣ የሰፈሩ ማኅበር ገበያ የሚወጣ ሁሉ ቁልፉን አንድ ቤት እንዲያስቀምጥ ወሰነ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ቁልፍ እንድትጠብቅ የተመረጠችው ግን እሷ ናት። በየቁልፉ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስራ ግድግዳዋ ላይ ትሰቅል ነበር፤ ቁልፉን ስትመልስም ያቺን ቃሏን ትላለች። ጎረቤቶች የእኔን ደጅ አልፈው ወደ እሷ ሲሄዱ በመስኮት እያየሁ እቀና ነበር። የራሴን ቁልፍ አንድም ቀን አልሰጠኋትም።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሞጣ ሄጄ አመሻሽ ላይ ስመለስ፣ ደጄ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች።

«ምን ትሠሪያለሽ፣ እትዬ?»

«ቤትሽን እጠብቃለሁ። ቁልፉን ይዘሽ መሄዱንስ ሄድሽ፤ መቆለፉን ረሳሽው እንጂ!» ብላ ሳቀች። ከጠዋት ጀምራ እዚያው ነበረች። አላመሰገንኳትም።

አሁን ማኅበሩ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኝ እሷ ቤት እውላለሁ። ጎረቤቶች ቁልፋቸውን ተቀብለው ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ቃሏን ይጠብቃሉ። ዛሬም እቀናባታለሁ።

ከቁልፎቹ መካከል ምንም ያልታሰረበት ቀይ ክር ተሰቅሏል። የማን እንደሆነ አንዷን ጎረቤት ጠየቅኋት።

«የእርስዎ ነዋ! እህትዎ ‹አንድ ቀን ታመጣዋለች› ይሉ ነበር» አለችኝ።

ትናንት ቤቴን ቆልፌ ቁልፌን ቀዩ ክር ላይ አሰርኩትና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ራሴ አወረድኩት። «ግቢ» ያለኝ ሰው አልነበረም።