የጥቅስ ደቦ

ቶኩማ የኮሌጅ መምህር ነው። የኮሌጁ ስም ይቅር፤ መቱ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬም እግር አለው። የቡሬ ገበሬ ልጅ ሲሆን የሚያጠናው ስለ ጫካ ማርና ስለ ገበያው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሰው አይጣላም። ሱሱ አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ከፍቶ፣ ጽሑፎቹን ስንት ተመራማሪ እንደጠቀሳቸው ያያል። ቁጥሩ ከትናንቱ ካልጨመረ ቁርስ አይወርድለትም።

ሚስቱ ትብለጥ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ በቁጥር የሚቀልዱባት ሴት አይደለችም። አንድ ቀን ይህ ኤች ኢንዴክስ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አስረዳኝ አለችው።

«አምስት ጽሑፍ ኖሮኝ፣ እያንዳንዱን ሰዎች አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቅሱት፣ የእኔ ቁጥር አምስት ይሆናል» አላት።

«ሃያ አምስት አይሆንም?»

«አይሆንም፤ አምስት ነው።»

«ታዲያ ሃያው የት ገባ?»

«የትም አልገባም። አሠራሩ ነው።»

«ይሄን አሠራር ሱቄ ድረስ እንዳታመጣብኝ» ብላ ጣቃውን መለካቷን ቀጠለች።

ትብለጥ ትሳቅ እንጂ፣ ቁጥሩ ለቶኩማና ለባልደረቦቹ እንጀራ ነው። ረዳት ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመባል ጽሑፉ መታተሙ ብቻ አይበቃውም፤ ሌላ ሰው ሊጠቅሰው ይገባል። ማን ይጥቀሰው? ጀርመን ያለ ፕሮፌሰር ስለ ያዮ ጫካ ማር ምን ጨነቀው? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ቢናገሩም የሚሰማ አጡ። የገበሬ ልጆች ናቸውና የአባቶቻቸውን ዘዴ አመጡ፤ ደቦ ጠሩ። ዛሬ የአንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን እንደማለት፣ አንዱ የዕድገት ማመልከቻ ሊያስገባ ሲቃረብ ሌሎቹ በየጽሑፋቸው እርሱን ይጠቅሳሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ችግሩ አንዱ የሚያጠናው ማር፣ ሌላዋ አህያ፣ ሌላው የመንደር ሽምግልና መሆኑ ነበር። ማር በሽምግልና ጥናት፣ አህያ በማር ጥናት ውስጥ እንደ ልባቸው ሲገቡ ሲወጡ፣ ዝንባቸውን እሽ ያለ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ተራው የገሊላ ሆነ። ገሊላ የእንስሳት ሐኪም ናት። በየመንደሩ የአህዮችን ጀርባ እያየች፣ በጭነት ብዛት ቆስለው ገጣባ የሚሆኑት በየትኛው ወቅት እንደሚበዙ ጽፋለች። የኮሌጁ የዕድገት ኮሚቴ የጠየቀው ቁጥር ላይ ለመድረስ አንድ ጥቅስ ቀርቷት ነበር፤ እሱም ከቶኩማ የሚጠበቀው ነው። ቶኩማ አላሳፈራትም። የያዮ ገበሬ ማሩን መቱ ሳያወጣ ለምን መንደሩ ውስጥ በርካሽ እንደሚሸጥ በሚያትት ጽሑፉ መካከል፣ የገሊላን አህያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸጉጦ ውጭ አገር ላለ መጽሔት ላከ።

መልስ መጣ። አዘጋጁ ጽሑፉን ወዶታል። አንዲት ነገር ብቻ ከንክናዋለች፤ አህያዋ እዚህ ምን ትሠራለች? ወይ ያስረዱ፣ ወይ ያውጧት።

ቶኩማ ተጨነቀ። ቢያወጣት የራሱ ጽሑፍ ይታተማል፣ የገሊላ ዕድገት ግን ይቀራል። በሌሎች ጉልበት ማሳውን አሳርሞ በሰው ደቦ ቀን የጠፋ ሰው ደግሞ፣ እኛ አገር ለቅሶው ላይም ይታማል። ማስረዳት ይሻላል አለ። ለማስረዳት ግን የገሊላን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። አትፍረዱበት፤ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ጠቅሶታል፣ ርዕሱንም አንብቧል።

ተቀምጦ አነበበው። ከዚያ ቅዳሜ በሚኒባስ ያዮ ወረደ፣ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦም ማር ቆራጩ ኦቦ ጭምዴሳ ቤት ደረሰ። ማሩ ጓዳ ተቀምጧል። አህያዋ ደጅ ቆማለች፤ ጀርባዋ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል።

«በዝናብ ከጭነቱ ሥር ያለው ጆንያ ይርስና ይፈገፍጋታል» አሉት ኦቦ ጭምዴሳ። «ማሎ፣ እባክህ፣ በዚህ ጀርባ ላይ እንዴት አድርጌ ልጫን?»

ቶኩማ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ለአህያዋ ሥራ ተገኘላት! ማሩ ገበያ የማይወጣው በእሷ ምክንያት ነው። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የገሊላን ጽሑፍ ከፈተና ደስታው እዚያው ቀዘቀዘ። ሠንጠረዡ የአህዮች ጀርባ በክረምት ደህና ነው፣ የሚቆስሉት በበጋ ነው ይላል። ጎረቤት ሄዶ አየ፤ ገጣባ። ማዶ ተሻግሮ አየ፤ ገጣባ። ሠንጠረዡ ተሳስቷል። ይህን ጽፎ ማሳተም ደግሞ ልጅቷን በዕድገቷ ዋዜማ ማጋለጥ ነው። ቢሆንም ደወለላት።

«ገሊላ፣ ሠንጠረዥ ሁለትን እያየሁ ነበር» አላት።

 

«አነበብከው ማለት ነው?»

«አዎ። የክረምቱና የበጋው ነገር...»

«ተገላብጧል። ያየሁት የታተመ ቀን ነው። አፍሬ ዝም አልኩና አንድ ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። ሁላችሁም ጠቀሳችሁኝ፤ የነገረኝ ግን የለም። ለማን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ነበር'ኮ፣ ቶኩማ።»

ቶኩማ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«እና ምን ላድርግ?»

«ጻፈው። ተገላብጧል ብለህ ጻፍ። እኔም ለመጽሔቱ ማረሚያ እልካለሁ።»

«ዕድገትሽስ?»

«ከቀረም ይቅር።»

ጻፈው፤ ታተመም። ኮሚቴውም ተሰብስቦ የገሊላን ጥቅሶች ቆጠረ። ቆጠራ ሙገሳና ወቀሳ አይለይም፤ ተሳስታለች የሚለውም ጥቅስ አንድ ተብሎ ተያዘላትና የጎደለውን ሞላ። ገሊላ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነች። ደቦው ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ ጨመረ፤ ሳያነቡ መጥቀስ አይቻልም። ሥራ በዛብን ብለው የቀሩ አሉ።

ገሊላ ቢሮ የገባ ሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ገጽ ያያል። የዕድገት ደብዳቤዋ አይደለም። የገሊላ ሠንጠረዥ ተገላብጧል የሚለው የቶኩማ ገጽ ነው።

«ምነው ስህተትሽን ሰቀልሽው?» ይሏታል።

«አንብቦኝ ነዋ!» ትላለች።