ጨው የጠፋበት ሰሞን

በሹሩባ የሚደርስብኝ ላፍቶ ውስጥ የለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቀጭን ቁጥር የምትፈልግ ሙሽራ ከለቡ ድረስ ታክሲ ተሳፍራ እኔ ጋ ትመጣለች። ስለዚህ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነገሩ የቀልድ አልነበረም።

ሊቲየም የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ሕመሜ ሲነሳብኝ እንቅልፍ በአጠገቤ አያልፍም፣ አፌም አያርፍም፤ አንዴማ የፀጉር ቤቴን ወንበሮች አውጥቼ ለመንገደኛ አድዬአለሁ። ሲገለብጠኝ ደግሞ ፊቴን መታጠብ እንኳ ያቅተኛል። መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሌላ መድኃኒት እንቅልፌን ቢመልስልኝም ቀኑን ሙሉ ያፈዘኝ ነበር፤ ቀሚሶቼም አልገባም አሉኝ። ሊቲየም ተስማማኝ። መጠኑ ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ ይመርዛል፤ ስለዚህ ሐኪሜ በየጊዜው ደሜን ታስመረምራለች፣ ኩላሊቴንና የአንገቴንም ዕጢ ትከታተላለች። እኔም ያለማጓደል እውጣለሁ። ራሴን መልሶ የሰጠኝን ነገር የምተውበት ምክንያት የለኝም።

እናቴ ግን ስሙን ጠርታው አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት፣ "ቫይታሚን ነው፣ ደም አንሷት ነው" ትላለች። ያናድደኛል፤ ግን እናት ናት፣ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ክረምት እሷም ደም ግፊት ተገኘባትና ጨው ቀንሺ ተባለች። እናቴ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም። ጨውን ከነዕቃው ለጎረቤት ሰጥታ ተገላገለች። "አንድ ቤት ሁለት ድስት አይጣድም፤ ለአንቺም ጤና ነው" አለችኝ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ ጣዕሙ ጠፋ። ምሳዬን ራሷ ቋጥራ ፀጉር ቤት ስለምታመጣልኝ ማምለጫም አልነበረኝም። በዚህ ላይ ፍልሰታ ገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ቆሜ እሠራ ጀመር።

ከዚያ ማበጠሪያው ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ሆዴ ተበላሸ፣ ስራመድ መሬቱ ዞረብኝ፣ ምላሴም ተሳሰረ። አንዷ ደንበኛዬ በመስታወቱ አይታኝ፣ "እህቴ፣ ጠጥተሻል እንዴ?" አለችኝ። በጾም! ልመልስላት ብፈልግም ቃሉ አልወጣልኝም። ፀጉሯን በግማሽ ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ እንዳየችኝ፣ "ይኸው! መርዙ ነው የጨረሰሽ! ዛሬውኑ ጣዪልኝ!" ብላ ጮኸች።

"እማዬ፣ ስተወው ምን እንደምሆን አንቺ ራስሽ አይተሻል" አልኳት።

ፈራሁ። መዋጡንም መተዉንም ፈራሁ። የሚያውቀው ሰው ይንገረን ብዬ እናቴን ይዤ ቀጥታ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ።

ደሜ ሲታይ የሊቲየሙ መጠን አሻቅቦ ተገኘ። አስተኝተው ግሉኮስ ተከሉልኝ። ሐኪሟ፣ "በቅርቡ የቀየርሽው ነገር አለ? ሌላ መድኃኒት? ምግብ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እናቴ ቀደመችኝ። "ምግቧማ በእኔ እጅ ነው። ጨው የሚባል ነገር አታይም!" አለች በኩራት።

ሐኪሟ ወደ እሷ ዞረች። "እማማ፣ ሊቲየምም እኮ የጨው ዓይነት ነው። የምግቡ ጨው ሲጠፋ ኩላሊቷ ሊቲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ውሃ ሲያንሳት ደግሞ ይብስባታል።"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። "እኔ ነኛ ልጄን የመረዝኳት!"

"እርስዎ በምን ያውቃሉ? እኛም አልነገርንዎትም። ለጊዜው እናቆመዋለን፤ ሲወርድ መጠኑን አስተካክለን እንመልስላታለን። ጨውዋም ውሃዋም እንደ ድሮው ይሁን፤ አይብዛም፣ አይጉደልም።"

ድኜ ወጣሁ። እጄም ተመለሰ፤ ያቺን ደንበኛዬን ጠርቼ ግማሹን ፀጉሯን ጨረስኩላት። የንስሐ አባቴም በጾም ውሃ እንድጠጣ ፈቀዱልኝ።

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ወጥ ቤት ገብታ፣ "ምነው፣ ለሁለት ሰው ሁለት ድስት ሽሮ?" ብላ ሳቀች።

"ይሄ የእኔ የግፊት ነው" አለች እናቴ። "ያኛው የልጄ ነው። ሊቲየም ስለምትወስድ ጨው አይጎድልባትም።"

"ሊቲየም ደግሞ ምንድን ነው?"

እኔ ቫይታሚኑን ጠበቅኩ። እናቴ ማማሰያውን አስቀመጠች።

"የአእምሮ መድኃኒት ነው። ራስሽ ላይ ያለውን ሹሩባ የሠራችልሽ እሱን እየዋጠች ነው።"