የእናቴ ሊሾ

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ሰፊ ሳፋ አስቀምጥና በርጩማ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ውሃውን በጆግ እያፈሰስኩ አሻታለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እስክጨርስ ትጠብቃለች። በጤናዋ ጊዜ የምትታጠብበት ቤት ከጓሮ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ነው፤ የወደቀችውም እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ሴት ናት፣ እኔ ሳጥባት ግን ቃል አይወጣትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን እያለቀለቅኩላት ሳለ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "በሰው እጅ የሚታጠበው ሬሳ ነው" አለችኝ።

አለቅልቄ ጨረስኩላት። እኔ ሳፋውን ይዤ ወጣሁ፣ ውሃውን ፓፓያው ሥር ደፋሁትና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሲከፋኝ አላለቅስም፤ የማለቅሰው ስናደድ ነው። ያን ቀን በማን እንደተናደድኩ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት በደረጃው ይሆናል። እንባዬን ሳልጠርግ ግን ወሰንኩ፦ እናቴ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን ትታጠባለች።

ቦታ አልቸገረንም። ከመኝታ ቤቷ ቀጥሎ፣ በር የሚያገናኘው አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ ዕቃ ቤት አድርገነዋል። ቧንቧው በግድግዳው ጀርባ ያልፋል፣ ፍሳሹን ወደ ጓሮ ማውጣትም ቀላል ነው። ያስቸገረን ወለሉ ነበር።

ያ ክፍል ቤቱ ሳይሰፋ በፊት ሳሎናችን ነበር፤ ሊሾውን ያፈሰሰው ደግሞ አባቴ ነው። የጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ በእበት በሚለቀለቅበት ጊዜ የእኛ ቤት ወለል ሲሚንቶ ሆነ፤ ላዩ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ተነስንሶ እስኪያብለጨልጭ ታሸ። እናቴ እንደምትለው ሰዉ ለማየት ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ቀይ ሰም ትቀባዋለች፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ ቁራጭ ብርድ ልብስ እግራችን ሥር አድርገን እየተንሸራተትን እናሸዋለን። አባታችን ከሞተም በኋላ፣ ክፍሉ ዕቃ ቤት ከሆነም በኋላ፣ ሰሙ አልቀረም። የሽንኩርት ጆንያና የዘይት ጀሪካን የሚቀመጥበትን ወለል ሰም የሚቀባ ሰው እኔ ከእናቴ ሌላ አላየሁም።

ሴራሚክ ሠራተኛው ከሻሸመኔ መጥቶ አዳማ የከረመ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ገና ከበሩ "አካም ቡልተኒ፣ ሃዳ ኮ?" ብሎ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እናቴ እያለ ሲገባ እናቴ ወደደችው። ወለሉን ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጫረና፣ ይሄ ሁሉ በመሮ ተፈልፍሎ መሻከር አለበት፣ ከዚያ ሲሚንቶ ፈስሶበት ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ማዘንበል አለበት አለ። እናቴ ከዘራዋን መሬት ላይ መታ አደረገች።

"ሊሾዬ አይነካም።"

"እማዬ፣ ሴራሚክ እኮ ነው የሚገባበት። አይታይም" አልኳት።

"ካልታየ ለምን ትፈለፍሉታላችሁ? ከነነፍሱ ይቀበር።"

የዚያን ቀን ወንድሜ ከዓለም ጤና ከተማ በአይሱዙ አሸዋ ይዞልን መጥቶ ነበር። እዚያ ሽንኩርት ነው የሚነግደው፤ በሽንኩርት ንግድ ደግሞ የዘገየ ይበሰብስበታል፣ ስለዚህ ሁሉ ነገር ላይ ይቸኩላል። "ላዩ ላይ ይለጠፋ! ምን ያስጨንቃችኋል?" አለ። ሠራተኛው የእናቴን ፊት አየ፣ የእኔን ፊት አየ፤ ሰላም ፈላጊ ነውና፣ "ጥሩ ኮላ ከተደረገበት... ሊይዝም ይችላል" አለ።

እኔ ወይ ፍንክች። ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ፣ የዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የቢሯችን ሴራሚክ ያረጀ ወለል ላይ በጥድፊያ የተለጠፈ ስለሆነ ሲረግጡት ያጨበጭባል። ሹፌሮቹ ሰነድ ሊያስፈርሙ ሲገቡ ገና ሳናያቸው በጭብጨባው እናውቃለን። ለእኛ መሳቂያ ነው። እናቴ ግን ከዘራ የያዘች፣ ዳሌዋ በብረት የተጠገነ ሴት ናት፤ አንድ ሴራሚክ ከእግሯ ሥር ቢንቀሳቀስ የምትወድቀው ውሃ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወንድሜ፣ "አለቃ፣ እዚህ ኮንቴይነር የለም፣ ቀስ በይ" አለኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። አንዲት ሴራሚክ ብቻ፣ ሳይፈለፈል፣ እናቴ እንዳለችው ሊሾው ላይ ትለጠፍ፤ ኮላው ይድረቅ፤ ከዚያ እናያለን። እናቴ ተስማማች። ቦታውን ራሷ መረጠች፤ አባቴ ወንበሩን ያደርግበት የነበረው ጥግ ነው። ሠራተኛው ኮላውን ሳይሰስት ቀባና በእጁ ጠቅጥቆ አስቀመጣት። ልጥፍ አለች። የምሸነፍ መሰለኝ።

ኮላው ደርቋል በተባለበት ቀን አራታችንም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን። ማንም ከመንካቱ በፊት እናቴ ከዘራዋን አነሳች፣ ጫፉን ሴራሚኩ ጠርዝ ሥር አስገባችና ገፋ አደረገችው። ቀጭ እንኳ አላለም። ከነኮላው ተነስቶ ተገለበጠ። ጀርባው ቀይ ነበር።

ወንድሜ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው። እኔ የማሸነፍ ደስታ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ፍርሃት መጣብኝ፤ እናቴ ልታለቅስ ነው ብዬ። ጎንበስ ማለት አትችልም፣ ስለዚህ ሠራተኛው ሴራሚኩን አንስቶ ሰጣት። ቀዩን ሰም በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

"ወይ ጉድ" አለች፣ "ለካ የገዛ ሰሜ ነው የሚጥለኝ።" ሴራሚኩን ለሠራተኛው መለሰችለት። "ይሄ ወለል እኔን ሊያገለግል አይደል የፈሰሰው? አሁንም ያገልግል። በርጩማዬን አምጡ፣ መዶሻም ስጡኝ።"

ሐኪሙ ይሄንን ቢያይ ኖሮ እኔን ያሳስር ነበር። ሳፋው ውስጥ ሳጥባት የምትቀመጥባት ያቺው በርጩማ መጣች፤ እኔ ከኋላ በብብቷ ደግፌ ያዝኳት፣ ሠራተኛው መሮውን አቁሞ ያዘላት። "ሃዳ ኮ፣ እጄን እንዳይመቱኝ" አላት። "እጅህን ከፈራህ ምን ሠራተኛ ሆንክ?" ብላ መታች። የመጀመሪያው ምት ጭረት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ የሊሾው ስባሪ ተፈነጠረና ቀሚሷ ላይ አረፈ። እናቴ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ወንድሜም መዶሻውን ተቀበላት፣ ከእሱ ደግሞ እኔ ተቀበልኩ፣ ሠራተኛው ሥራውን እስክንተውለት ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ፍርስራሹ አልተጣለም። እናቴ አዝዛ የቤቱ በር ላይ፣ ክረምት ጭቃ የሚሆነው ቦታ ላይ አስደለደለችው።

ከዚያ ወለሉ ታጠበ፣ ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ውሃ ልክ እየተደረገ ወደ ቀዳዳው አዘነበለ። የአዳማ ሙቀትና ነፋስ ሲሚንቶን አይምርም፤ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኬሻ አልብሰን ጠዋትና ማታ እናጠጣዋለን። እንደ ፈረደብን ደግሞ የቧንቧ ውሃ ፈረቃችን ጠፍቶ ሰነበተ። ጎረቤታችን የሮቶ ውሃዋን በጀሪካን አዋሰችን፤ ወንድሜ ስልክ ሲደውል ከእናቴ ጤና በፊት፣ "ሲሚንቶው ጠጣ ወይ?" ነበር የሚለው።

ሲጠነክር ፈተና አደረግንበት። በርጩማዋ እንደገና መጣች፣ እናቴ በዚያችው ጆግ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ወደ ቀዳዳው ጥሩ አድርጎ ሄደ፤ በሩ አጠገብ ግን የተወሰነው ቀረና ተኛ። ሠራተኛው ሴራሚኩን ስገጥም በኮላ አስተካክለዋለሁ አለ። እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፦

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ልጄ፣ እኔ በዚያ በር ነው የምወጣው።"

ሠራተኛው እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፤ "ሁለት ኢንጂነር ባለበት ቤት ምን አመጣኝ!" አለና እየሳቀ በሩ አጠገብ ያለውን መልሶ ፈለፈለው። ሁለተኛ ስናፈስ ውሃው ሳይቆም፣ ሳያመነታ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ወለል አይቼ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ ሠራተኛውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

በሴራሚኩ ዓይነትም ተጣላን። እናቴ የሚያብለጨልጭ ነጭ ፈልጋ ነበር፤ እኔ የማያንሸራትት ገዛሁ። በእጇ ዳሰሰችውና፣ "ይሄ ምኑ ያምራል? እንደ ላም ምላስ ይሻክራል" አለች። እግሯን ስታሳርፍበት ግን አላነሳችውም። ተስማምታለች ማለት ነው።

ኮላው ደርቆ፣ በሩ ተገጥሞ፣ ግድግዳው ላይ የምትይዘው ብረት ከተተከለ በኋላ ውሃ አሞቅኩላትና ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ እንደ ልማዴ ተከተልኳት።

"ወዴት?" አለችኝ።

"ላግዝሽ ነዋ።"

"በሩን ዝጊና ሂጂ።"

ዘጋሁት። ከውስጥ ደግሞ እሷ መቀርቀሪያውን ሳበችው። አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ፤ መሄድ አልቻልኩም። መጀመሪያ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም፤ ልጣራ ስነሳ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሯን ጀመረች፣ በዚያ በማያምር፣ ጮክ ባለ ድምጿ። ጎንበስ ብዬ የበሩን ሥር አየሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ብቻዬን ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ ጎል እንደገባለት ሰው።

መዝሙሩን ጨርሳ፣ ሌላም ዘምራ ወጣች። ፀጉሯ ረጥቧል፤ የቀሚሷን ቁልፍ አንዱን ዘልላ ቆልፋዋለች። ላስተካክልላት እጄን ስዘረጋ በከዘራዋ ዞር አደረገችኝ።

"ጀርባዬን ዛሬ ደህና አድርጌ አሸሁት" አለች። "አንቺ ሁልጊዜ መሀሉን ትዘልይው ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቴን ጀርባ አላየሁትም።