ያልዋጥኩት ቦርዴ

በኛ አገር፣ ከሻንቶ ወረድ ብሎ፣ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ ጉንጭና ጉንጫቸውን ገጥመው ከአንድ ቅል ቦርዴ ይጠጡ ነበር። ቦርዴ ከበቆሎ የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ ነው፤ ለኛ ምግብም ነበር። አንዱ ሲጎነጭ ሌላውም አብሮ ይጎነጫል። ከዚያ በኋላ ቂም ይዣለሁ ማለት የለም።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ጌታን ተቀበልኩና መጠጥ ተውኩ። በዚያን ሰሞን ብዙ ሰው ተወ። ደቦ ሲጠራ እንኳ ጠጪው ከቦርዴው ዘንድ፣ አማኙ ከሻዩ ዘንድ፣ ለየብቻ መቀመጥ ተጀመረ። ታላቅ ወንድሜ ግን አልተወም። እኔና እሱ ደግሞ በእንሰት ድንበር ተጣልተን ሁለት ዓመት ሙሉ አንነጋገርም። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስነጥስ እሰማለሁ፤ "ይማርህ" ማለት ያምረኛል፤ አልልም።

በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ድንበሩን ለዩልንና "ቅዳሜ ትጠጣላችሁ" አሉን። ወንድሜ እሺ አለ። እኔም በአፌ እሺ አልኩ።

ያን ሳምንት አላረፍኩም። ብጠጣ ቤተ ክርስቲያን ከጌታ እራት ትከለክለኛለች። ባልጠጣ ወንድሜ "ይቅር አላለኝም" ብሎ እንደገና ይዘጋኛል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስታርቀናል? ሣር ላጭድ ወጥቼ ማጭዱን ረስቼ እመለሳለሁ። ሐሙስ ልነግረው እስከ ደጁ ሄጄ ተመለስኩ። ዓርብም እንዲሁ። ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን ጨረስከው እኮ! ወይ ግባ ወይ ተቀመጥ" አለችኝ።

ቅዳሜ ቅሉ መጣ። ጎንበስ ብለን ጉንጫችንን ገጠምን። ጢሙ ወጋኝ። በልጅነታችን በአንድ ቁርበት ላይ ከተኛን ወዲህ እንዲህ ተጠግቼው አላውቅም። ቅሉ ዘንበል ሲል ከንፈሬን ዘጋሁ። ቦርዴው በአገጬ ወርዶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። ሽማግሌዎቹ አላዩም። ግን ጉንጩን ከጉንጭህ የገጠመ ሰው መዋጥህን አለመዋጥህን ያውቃል። ወንድሜ ለአፍታ ቆም አለ። ከዚያ ጉንጩን ሳያነሳ ቅሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና የእኔንም ድርሻ ጨለጠው።

"ጠጥተናል" አላቸው።

እሁድ ጠዋት ከጸሎት በፊት ወደ ወንድሜ አጥር ሄድኩ። እንሰቱ ውስጥ ሆኖ ያርማል።

"ጋሼ፣ አልዋጥኩም እኮ።"

"አውቃለሁ። ሸሚዝህ ነው የጠጣው።"

"ታዲያ እርቁስ?"

"የሁለታችንን ጠጥቼ ሆዴን ነፍቶኝ ነው ያደርኩት። አንተ ጴንጤ፣ ከዚህ በላይ ምን ልሁንልህ?"

ቀና ብሎ አየኝ።

"ለምን አልነገርከኝም? ሐሙስ ደጄ ደርሰህ ስትመለስ አይቼሃለሁ። ዓርብም አይቼሃለሁ። ይገባል ብዬ ተቀምጬ ነበር።"

ከጸሎት ቤቱ መዝሙር ተጀምሯል፤ አርፍጃለሁ። ቢሆንም አጥሩን ዞሬ ገባሁና አጠገቡ ማረም ጀመርኩ።

አሁን በሰፈራችን የሚታረቁ ሰዎች ለስላሳ ይከፈትላቸዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ጠርሙስ ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል። መልካም ነው፤ የሚሰክር የለም፤ ከጌታ እራት የሚከለከልም የለም። እኔ ግን ሽማግሌ ሆኜ ስጠራ መቀመጫው አይመቸኝም። ጉሮሯቸውን አያለሁ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ማን እንደዋጠ፣ ማን እንዳልዋጠ አይታየኝም።